ከኮፐንሀገን በፊት አገና



ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የጨርቅ ቦርሳ ነው።

ከመምህሮቻችን አንዱ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ፍልስፍና በአውሮፓ ከተደረገ ጉባኤ ሲመለሱ በትከሻቸው አንጠልጥለውት መጡ። የጉባኤውና የከተማው ስም በሰማያዊ ቀለም ታትሞበታል። በማግሥቱ ክፍል ገብተው ስለ ጉዞአቸው አጫወቱን። ስለ አየር ማረፊያው ስፋት፣ ባቡሩ ደቂቃ ሳያዛንፍ ስለ መድረሱ፣ ቡናው ግን ውሃ ውሃ የሚል ስለ መሆኑ ነገሩን። ከዚያም በዕረፍት ሰዓት የተዋወቋቸውን ሰዎች የአድራሻ ካርድ ከቦርሳው እያወጡ አንድ ባንድ ቈጠሩልን፤ ዐሥራ አንድ ሆነ። «ኔትወርክ ማለት እንግዲህ ይህ ነው» አሉን። ከኛ መካከል አንዱ እጁን አነሣና «መምህር፣ ገበጣን አንሥተውላቸው ነበር?» ሲል ጠየቀ። መምህራችን ጥቂት አሰቡና «ለሱ የሚሆን ሰዓት አልነበረም» ብለው መለሱ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን። ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ግን ነገሩ የሚያስቅ አልመስል አለን።

ከመጀመሪያው እንድንግባባ፣ ጠባችን ከኚህ መምህር ጋር አይደለም። ደግ ሰው ናቸው፤ ፈተና ሲያርሙ አያዳሉም፤ መጽሐፋቸውን ያውሳሉ። እዚያ ጉባኤ ለመድረስ ያዩትንም አበሳ እናውቃለን። በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በአፕሪል ወር የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጣቸው ወሰነ። ምክንያቱ ያለ ፈቃድ እዚያ የተገኙ ሰዎችን መልሶ በመቀበል ነገር ከመንግሥታችን ጋር አለመስማማቱ ነው። በጁን ወር ደግሞ የማመልከቻው ዋጋ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ አለ። በጁላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ያው 90 ዩሮ በኛ ኪስ ሲለካ ሌላ 90 ዩሮ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አንድ የፍልስፍና መምህር ስለ ጨዋታ ጥቂት ደቂቃ ለመናገር ሲነሣ የባንክ ሒሳቡን፣ የደመወዝ ማስረጃውን፣ የጋብቻ ወረቀቱንና ወደ አገሩ የሚመለስ ስለ መሆኑ ሌሎች ብዙ ወረቀቶችን ተሸክሞ ይሰለፋል ማለት ነው። ጥሪውን የላከለት የዚያው አገር ሊቅ ግን ወደ አዲስ አበባ መምጣት ቢፈልግ ቦሌ ላይ ከሚከፍለው ገንዘብ በቀር የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም።

ይህን ሁሉ ችሎ እዚያ የደረሰ ሰው ታዲያ ምን ይዞ ደረሰ? ጥያቄአችን ይህ ብቻ ነው።

ሙያው አዲስ ለሚሆንባችሁ አንባቢዎች ጥቂት እንበል። በላይደን ዩኒቨርስቲ የታሪክ ፕሮፌሰር የነበረው የሆላንዱ ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 «ሆሞ ሉደንስ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ፤ ስሙ ተጫዋች ሰው ማለት ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ጨዋታ የሥልጣኔ ጌጥ ሳይሆን ሥልጣኔ ራሱ የሚበቅልበት መሬት ነው የሚል ነው። ፍርድ ቤቱም፣ ቅኔውም፣ ጦርነቱም ሳይቀር ሥሩ ጨዋታ ነው ይላል። ጨዋታ የራሱ ቦታና የራሱ ሰዓት አለው፤ በዚያ ድንበር ውስጥ ከውጭ ያለው ሕግ ለጊዜው ይታገዳል። ይህን የጻፈ ሰው ጀርመኖች አገሩን በያዙ ጊዜ በ1942 ታሰረ፤ ሆላንድ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሳትወጣም በ1945 ሞተ። ስለ ጨዋታ ማሰብ የቦዘኔ ሥራ ነው ለሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ለማስታወስ ያህል ነው።

ከዚያ በኋላ በካናዳ ያስተምር የነበረው በርናርድ ሱትስ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ መጫወት ማለት አስፈላጊ ያልሆነን መሰናክል በፈቃድ ተሸክሞ ለማለፍ መታገል ነው ብሎ ተረጐመው። የኮምፒዩተሩ ጨዋታ ደግሞ በ1962 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ወጣቶች ሁለት መርከቦች በጠፈር ላይ የሚታኰሱበትን ጨዋታ ሲሠሩ መልክ ያዘ። ኖርዌያዊው ኤስፐን ኦርሴትና ባልደረቦቹ በ2001 ለዚሁ ጥናት የሚሆን መጽሔት በኢንተርኔት ከፈቱ፤ በኮፐንሀገንም የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ የጨዋታ ጥናት ማዕከል ተቋቋመ። ፈላስፎቹም ለብቻቸው ተሰበሰቡ፤ ኦስሎ በ2009፣ አቴንስ በ2011፣ በርገን በ2013፣ ኢስታንቡል በ2014፣ ማልታ በ2016፣ ክራኮው በ2017፣ ኮፐንሀገን በ2018። ከነዚህ ከተሞች አንዱም በአፍሪካ ምድር ላይ አይደለም። ይህን የምንለው ለማልቀስ አይደለም። ሰው በቤቱ ድግስ ሲደግስ ጎረቤቱን አልጠራህም ተብሎ አይከሰስም። የምንናገረው እኛ እዚያ ቤት ስንጠራ ባዶ እጃችንን ስለ መሄዳችን ነው። በኛ አገር ባዶ እጁን ለቅሶ ቤት እንኳ የሚሄድ የለም።

እዚያ ከሚከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። አንዳንዱ የኮምፒዩተር ጨዋታ በተራ የሚሄድ ነው፤ አንተ ትጫወታለህ፣ ባላጋራህ ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ ተራ የለውም፤ ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ ትሮጣላችሁ፣ የፈጠነ ይቀድማል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ጊዜ ምን ዓይነት ነገር ነው? ተጫዋቹስ የሚያስበው እንዴት ነው? እያሉ ይጽፋሉ፤ መልካም ጥያቄ ነው።

አሁን የኛን ሰንጠረዥ እንመልከት። በጥንቱ ያገራችን ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ወረራ የሚባል ክፍል አለ። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ የወደዱትን ያህል ዕቃ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ መልሶ ይሠራል። የመጀመሪያው ዕቃ የተበላ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሆናል። ይኸውም ፈላስፎቹ በሁለት ሣጥን ለይተው ያስቀመጡትን ነገር አያቶቻችን ባንድ ገበታ ላይ፣ ባንድ ጨዋታ ውስጥ አገናኝተውት ነበር ማለት ነው። ተራን የሚወልደው የመጀመሪያው ደም ነው። ከዚህ የበለጠ ለፈላስፋ የሚመች ምሳሌ ከወዴት ይመጣል?

ደግሞ አለ። በዚሁ ሰንጠረዥ ንጉሡን በኀይለኛ ዕቃ መግደል ማሸነፍ ቢሆንም እንደ ጥበብ አይቈጠርም፤ በደካማ ዕቃ፣ ይልቁንም በእግረኛው ማሸነፍ ግን ያስመሰግናል። እንግዲህ ሱትስ በ1978 የጻፈው ነገር፣ አስፈላጊ ያልሆነን መሰናክል በፈቃድ መሸከም፣ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን በትግራይ አዳራሽ የታወቀ ነገር ነበር። የዚያን ዘመን ሰንጠረዥ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ላይ አንሥቶታል፤ ቆንስል ፕላውደንም ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመለት መጽሐፍ ጽፎበታል። በ1913 ታላቁን የቼዝ ታሪክ የጻፈው መሪ የተባለው እንግሊዛዊ ስለኛ ሰንጠረዥ የሚያውቀውን ያገኘው ከነዚህ መንገደኞች ነው። መንገደኛ ሲጽፍ እንዲህ ይጠቅማል። የኛ መንገደኞች ግን የሚጽፉት የስብሰባ አበል መጠየቂያ ነው።

የገናውንም ጨዋታ ተመልከቱ። በገና ሜዳ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢመታ ጌታው እንዳይቈጣ የታወቀ ነው። በማግሥቱ ግን ያው ሎሌ ያንኑ ጌታ ቀና ብሎ ማየት አይችልም ነበር። ሁይዚንጋ ድንበር ያለው ነገር ሲል ይህንኑ ነው የሚለው። ግን እዚህ ላይ እኛ ፈላስፎቹን የምንጠይቃቸው ነገር አለን። ያ የአንድ ቀን ነፃነት ለሎሌው ምን ጠቀመው? ጌትነቱን አላላው ወይስ ቁጣውን አስተንፍሶ ጌትነቱን አጸናው? በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጀግና ሆኖ የሚውል ሥራ ፈት ወጣትስ ምን እየሆነ ነው? ይህ ጥያቄ ከኛ ወገን ሊነሣ የሚገባው፣ የኛ ሰው ቢያነሣው የሚያምርበት ጥያቄ ነበር። በአሥራ አንዱ ካርድ መካከል ግን ቦታ አላገኘም።

አሁን ወደ አገና እንምጣ። ይህን የምንጽፈው ጥቂቶች ተማሪዎች የእዣ ልጆች ነን፤ አገና ከተማችን ናት። ስሟን ሰምቶ የማያውቅ ብዙ አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወልቂጤ ይደርሷል፤ ከወልቂጤ በጉብሬ በኩል እየወጣ ወደ ደጋው የሚዘልቅ መንገድ ያደርሳል። ቪዛ አይጠየቅበትም። ብርድ ግን አለ፤ ጋቢ ያስፈልጋል።

በጉራጌ መንደር መካከል ጀፎረ የሚባል ነገር አለ። ጉራጌ ያልሆነ ሰው ሲያየው ሰፊ መንገድ ይመስለዋል፤ መንገድም ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይሠራሉ፤ እንሰቱ ከቤቱ በስተኋላ ነው። በመካከል ያለው ሰፊ መስክ ሣር የለበሰ ሲሆን የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ሠርግ በሱ ላይ ያልፋል፤ ለቅሶ በሱ ላይ ይደረጋል፤ ፈረስ በሱ ላይ ይጋለባል፤ የመስቀል ደመራ በሱ ላይ ይበራል፤ ሽማግሌ በሱ ዳር ተቀምጦ ይዳኛል፤ ልጅ ከጥዋት እስከ ማታ በሱ ላይ ይጫወታል። ማንም አጥሩን ገፍቶ እንዳይገባበት የሰባት ቤት ጉራጌ የአባቶች ሕግ፣ ማለት ቅጫው፣ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ሁይዚንጋ በወረቀት ላይ የሣለውን ድንበር ያለውን የጨዋታ ሜዳ፣ ከነሕጉና ከነዳኛው፣ በመሬት ላይ ለክቶ፣ ቤቱን ሁሉ ወደሱ እንዲያይ አድርጎ የሠራ ሕዝብ አለ። ስለ ጨዋታ ቦታ የሚጽፍ ሊቅ ይህን ሳያይ ቢሞት ያሳዝናል። አጠገቡ ተወልዶ ሳያነሣው ቢቀር ግን ያሳፍራል።

ባለፈው መስቀል ለበዓል ስንገባ ከአገና አቅራቢያ ካለ መንደር አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድን። መስቀል ሲሆን እንደምታውቁት ያገሩ ልጅ ሁሉ ከአዲስ አበባ ይጐርፋል፤ መኪናው፣ በሬው፣ ክትፎው፣ ግርግሩ ሌላ ነው። አዛውንቱ ከጀፎረው ዳር ተቀምጠው ነበር። ገበጣ ያስተምሩን ዘንድ ለመንናቸው። ሣሩን በጣታቸው ገልጠው ጉድጓዶቹን ቈፈሩ፤ ጠጠሩን ለቅመው ከፋፈሉ፤ ከኛ አንዱን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ያጫውቱት ጀመር። ልጃችን የሁለተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። አዛውንቱ ጠጠሩን ከጉድጓዱ ሳያወጡ በዓይን ብቻ ቈጥረው የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ፣ ካረፈችበት ተነሥታ ደግሞ የት እንደምትደርስ ያውቃሉ። እርሱ በጣቱ ሲቈጥር ቈይቶ ይስታል። በመጨረሻ «ልጆቼ፣ ይህን ደግሞ ዩኒቨርስቲ ያስተምሯችኋል?» ብለው ጠየቁን። «አይ አባቴ፣ አያስተምሩንም» አልናቸው። «እንግዲያ ምን ልትማሩ ሄዳችሁ?» አሉን። እየቀለዱ ነበር፤ ሆኖም መልስ አልነበረንም።

እርሳቸው ቀልደው ሲያበቁ ግን በጣታቸው ወዲያ ማዶ አሳዩን። እርሳቸው ልጅ ሳሉ ጀፎረው እስከዚያ ዛፍ ድረስ ነበር። ዛሬ አንዱ ባሕር ዛፍ ተክሎበታል፤ አንዱ አጥሩን በየዓመቱ አንድ ርምጃ ወደፊት ያራምዳል፤ አንዱ አሸዋና ብሎኬት ከምሮበት ለበዓል ብቻ ብሎ ሁለት ዓመት ቈይቷል። አጥሩን ካራመዱት አንዳንዶቹ እንደኛው ተምረው ከተማ የገቡ፣ ለመስቀል መኪናቸውን የሚያቆሙበት ቦታ የፈለጉ ልጆች ናቸው። ሽማግሌዎቹ በቅጫው ሊከሷቸው ይችሉ ነበር፤ ዳሩ ግን ለትምህርት ቤቱ ቈርቈሮ የሚያዋጡትም እነሱው ናቸውና አፋቸውን ያዙ። ልጆቹም የቀረችውን መስክ ለበግና ለሞተር ብስክሌት እየለቀቁ ወደ ከተማው ፕሌይ ስቴሽን ቤት ይሄዳሉ። እዚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ ለአንድ ግጥሚያ ከፍለው የአውሮፓ ክለቦችን ያጫውታሉ። ጨዋታውን አንነቅፍም፤ እኛም ተጫውተናል፣ አንዳንዶቻችን የምሳችንን ከፍለንበታል። የምንለው ጀፎረው ሲጠብ የሚጠበው መንገድ ብቻ አይደለም ነው። የሚጠፋው ማንም ሳይከፍል የሚገባበት የጨዋታ ቦታ ነው። የጨዋታ ፈላስፋ ለዚህ ነገር ካልተናገረ ለምን ነገር ሊናገር ነው?

አንዳንድ መምህሮቻችን «ሳይንስ አገር የለውም፤ እናንተ በጎጥ ታስባላችሁ» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ሳይንስ አገር የለውም። ጉባኤው ግን አገር አለው፤ ቪዛው አገር አለው፤ አሳታሚው አገር አለው። አገር የሌለን እኛ ብቻ ከሆንን ነገሩ ሌላ ነው። ኔትወርክ የሚሉት ቃል በኛ ቋንቋ መረብ ማለት ነው። መረብ ሲጣል ደግሞ ጣዩና ገቢው አንድ አይደሉም። ዓሣውም ከመረቡ ጋር ግንኙነት አለኝ ብሎ ቢፎክር ማን ይከለክለዋል?

ከውጭ የመጡት ሊቃውንት በበኩላቸው ወደኛ ሲመጡ ቸኵለው አልሄዱም። አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቸሃ ሰዎች ጋር ተቀምጦ በ1966 ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህል መጽሐፍ አሳተመ። ዎልፍ ሌስላው የጉራጌ ቋንቋዎችን እየዞረ ለብዙ ዓመታት መዝግቦ በ1979 ሦስት ቅጽ ያለው መዝገበ ቃላት በጀርመን አገር አወጣ። ከእንግሊዝ መጥቶ እዚሁ የኖረው፣ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆነው ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ስለ ገበጣ በጻፈው ሰፊ ጥናት ከመቶ የሚበልጡ የአጨዋወት ዓይነቶችን ዘርዝሯል፤ በዚያው ዓመት ስለ ሰንጠረዡ ለብቻው ጽፏል። ሦስት ረድፍ ጉድጓድ ያለው ገበጣ የዚህ የአፍሪካ ቀንድ መለያ መሆኑን ዓለም የሚያውቀው እንደነዚህ ካሉ ጥናቶች ነው። ሰውዬው በ2017 አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፈ፤ ቅድስት ሥላሴ ተቀበረ። ዝርዝሩ ግን ከወጣ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ሲሆነው ቀጥሎ ያለውን ገጽ የምንጽፈው እኛ መሆን ሲገባን የቤተ መጻሕፍት አቧራ ጠጥቶ ይኖራል። ምስጋና የሚገባውን እናመሰግናለን፤ ምስጋናችን ግን ከነውር ጋር የተቀላቀለ ነው።

ከኛው ወገንም ምሳሌ ጠፍቶ አይደለም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌ ልጅ ነው። ለትምህርት ወደ ካሊፎርኒያ ሲሄድ ባዶ ቦርሳ ይዞ አልሄደም፤ መንደሩን በልቡ ይዞ ሄደ። ታሪኩንም በቸሃ ቋንቋ ጻፈው። ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ማተሚያ «የሽኔጋ መንደር» ተብሎ ወጣ። ልብ በሉ፤ ዓለም እንዲያነበው ብሎ መጀመሪያ በዓለም ቋንቋ አልጻፈም። በእናቱ ቋንቋ ጽፎ ዓለም እንዲተረጕመው አደረገ። እኛ ጉዞ የምንለው ይህን ነው፤ ግንኙነትም ከተባለ ይህ ነው።

ሌላው ክስ «ገበጣና ኮምፒዩተር ምን አገናኛቸው?» የሚል ነው። ይህን የሚለን ሰው ስለ ኮምፒዩተርም ስለ ገበጣም ያላሰበ ነው። ገበጣ ሕግ ነው፣ ቍጥር ነው፣ መቀጠልና መቆም ነው። ጠጠሩን አንሣ፣ አንዳንድ እያደረግህ ዝራ፣ የመጨረሻዋ ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ቁም፣ ጠጠር ያለበት ላይ ካረፈች አንሥተህ ቀጥል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የሚጨርሰው ይህንኑ በሌላ ፊደል ሲጽፍ ነው። በአዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች ይህን ከብዙ ፕሮፌሰሮች ቀድመው ገብቷቸዋል፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የሚባል፣ ዶሮ ከአሳዳጇ የምትሸሽበትን የስልክ ጨዋታ ሠርቶ ስሙ ከአገር ውጭ ሳይቀር ተሰምቷል። እነሱ ዶሮ ወጥ ከሚሸትበት ጓሮ ተነሥተው ጨዋታ ሲሠሩ፣ ስለ ጨዋታ የሚያስቡት ሊቃውንት ግን የጃፓንን ጨዋታ በፈረንሣይ ቃላት ለዴንማርክ ሰዎች ያስረዳሉ።

ሦስተኛው ክስ እውነት ያለበት ስለሆነ ዝቅ ብለን እንቀበለዋለን። መምህሮቻችን «ዕድገት የሚገኘው በውጭ መጽሔት ሲታተም፣ በውጭ ጉባኤ ሲቀርብ ነው፤ አገና ሄጄ ሽማግሌ ባነጋግር ማን ይቈጥርልኛል?» ይላሉ። ልክ ናቸው። ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ ልጅ ማሳደግ አለ፤ የቤት ኪራይ አለ። ከጉዞ አበል የተረፈችው ዩሮ የስንቱን ቤት ቀዳዳ እንደ ደፈነች አናጣውም። እኛም ነገ በነሱ ቦታ ስንቀመጥ ያንኑ እንዳናደርግ ማን ዋስ ይሆነናል? ነገር ግን ዕድገት የሚሰጠውን መመሪያ የጻፉት ከሰማይ የወረዱ መላእክት አይደሉም። በየዓመቱ በስብሰባ የሚያጸድቁት መምህራኑ ራሳቸው ናቸው። በመመሪያው ላይ አንዲት መስመር ጨምሮ፣ አንድ ያገር ቤት ጨዋታን ከነሕጉና ከነታሪኩ መዝግቦ ለቤተ መጻሕፍት ያስገባ መምህር እንደ አንድ የጉባኤ ንግግር ይቈጠርለት ብሎ መወሰን ምን ያህል ከባድ ነው? ይህን ጠይቀን «ይታሰብበታል» ተባልን። ካሰቡበት ሁለተኛ ሴሚስተር ሆነ።

እኛ ተማሪዎችስ? ንጹሕ አይደለንም። የአርሰናልን ተጠባባቂ በረኛ ስም የማያውቅ ተማሪ በማደሪያችን ውስጥ የለም። ስለ ወረራ ሰምቶ የሚያውቅ ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ ባለፈው ሳምንት ባንድ ፎቅ እየዞርን ጠየቅን፤ አንድ ልጅ ተገኘ፤ እሱም ወረራ ማለት የመሬት ወረራ መስሎት ነበር። በርግጥ በጀፎረው ነገር ብዙም አልተሳሳተም።

ስለዚህ በማኅበራችን ስም የምንጠይቀው ይህን ነው። ከዩኒቨርስቲው ገንዘብ ወጥቶለት ወደ ውጭ የሚሄድ መምህር ሁሉ ከመሄዱ በፊት የሚናገረውን ለኛ ይንገረን፤ እንጠይቀው፣ እንከራከረው። ከተመለሰም በኋላ ያየውንና የሰማውን በአማርኛ ጽፎ ለቤተ መጻሕፍት ያስገባ። ካርዶቹን ለራሱ ይያዝ፤ ከካርዶቹ ባለቤቶች መካከል ግን አንዱ ወደዚህ እንዲመጣ ይጻፍለት። ሲመጣም በሆቴል አዳራሽ ስለ አፍሪካ ጨዋታ ንግግር አድርጎ በማታው አውሮፕላን እንዲሄድ አይደለም። ከሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ይሸነፍ።

እኛም በበኩላችን የሚቻለንን ጀምረናል። ለመጪው መስቀል ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ፣ ጉራጌም ይሁን ጎንደሬ፣ ወላይታም ይሁን የሐረር ልጅ፣ ካገሩ አንድ ጨዋታ መዝግቦ እንዲመለስ ወረቀት አባዝተን ማደል ጀምረናል። ማን እንደሚጫወተው፣ ሴት ልጅ ትጫወተው እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚጀመርና እንደሚያልቅ፣ ሲጭበረበር ምን እንደሚደረግ፣ የት ላይ እንደሚጫወቱትና ያ ቦታ ዛሬ መኖሩን ይጻፍ። ነገሩን ያስተማረው ሰው ስሙ እንዲጻፍ ከፈቀደ ይጻፍ፤ ካልፈቀደ ይቅር። የጽሑፉ አንድ ቅጂም ለዚያው ሰው ይመለስ፤ ሌስላውና ሻክ የጻፉት መጽሐፍ አገና ላይ ስንት ቤት እንደሚገኝ እናውቃለንና። ከማባዣው ቀለም እጥረት የተነሣ ወረቀቱ ለሁሉ ላይደርስ ይችላል፤ የደረሰው ላልደረሰው ያሳይ።

ከመስቀል ማግሥት ባለው ቅዳሜ ደግሞ ወደ አገና የምንመለስ ሁሉ ከዚያው መንደር ጀፎረ ላይ እንገናኛለን። አዛውንቱ ፈቅደዋል። አጥራቸውን ያራመዱትንም ጠርተናቸዋል፤ ሁለቱ እንመጣለን ብለዋል። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያነሣናቸውን መምህርም ለምነናቸዋል፤ መልሳቸውን እስካሁን አልሰጡንም፣ ሆኖም እምቢ አላሉም። ሌሎች መምህሮቻችን መምጣት ከፈለጉ መኪናው ከዋናው በር ጥዋት በ12 ሰዓት ይነሣል፤ የመሳፈሪያውን ዋጋ እያንዳንዱ ይችላል። መቀመጫ የሚሻ ሰው በርጩማውን ይዞ ይምጣ፤ ገበጣው ሣር ላይ ነው።